የዕቃ ቤቱ ዘበኛ

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ፤ መንጃ ፈቃዴም ለሁለት ይቀደድ። ይህን መሐላ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። እኔ መኪና መንዳት አስተምሬ የማድር ሴት ነኝ። በዚህ ከተማ ሳይጋጭ የሚነዳ ሰው ካያችሁ የእኔ ተማሪ ነው፤ የተጋጨ ካያችሁ ሌላ ቦታ የተማረ ነው። መንጃ ፈቃዴን ካስያዝኩ እንግዲህ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

ታሪኩን ያልነገርኩት ሰው የለም። ለተማሪዎቼ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነግሬያቸዋለሁ፤ አረንጓዴ በርቶ ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው፣ «ይጠብቁ፣ በሩ ገና አልተከፈተም» ብዬ እስከ መጨረሻው ነግሬያለሁ። ግን እንዳለፈው ቅዳሜ ተናድጄ ነግሬው አላውቅም።

የአክስቴ ልጅ ቤት ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ስላችሁ እህቴ ማለቴ ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጓትተን ነው ያደግነው። እሷ ልብስ ትተኩሳለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ተዘርሬ ስለ ራሴ አወራለሁ። እንዲህ ባለው ሰዓት ሴት ልጇ በሩን በርግዳ ገባች። ልጅቷ የሕፃናት መምህርነት ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፣ አሁን የማስተማር ልምምድ ላይ ናት። ልምምድ ማለት፣ ለማታውቁ፣ ልክ እንደ እኔ ተማሪዎች ነው፤ መሪውን አንቺ ትይዣለሽ፣ ከጎንሽ ግን ፍሬን ያለው ሰው ተቀምጧል። ከዚያ አንድ ቀን ፈታኝ ይመጣል። የእነሱን ፈታኝ ሱፐርቫይዘር ይሉታል።

ቦርሳዋን ወረወረችው። «ሰኞ ሱፐርቫይዘሬ ይመጣል። የክፍሉ መምህርት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለችሽ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።

«ያንን ልጅ ለዚያች ሰዓት ከክፍል እናወጣዋለን አለችኝ። መቀመጥ የማይችል አንድ ልጅ አለ፤ ይነሳል፣ ይዞራል፣ መስኮት ያያል። ሌላ ምንም ክፋት የለበትም። ‘ውጤትሽን ያበላሽብሻል፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው’ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ አክስቴ? ዝም አልኩ።»

ደሜ ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ ፀጉሬ ድረስ ፈላ። እኔ ስናደድ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። «ቁጭ በይ!» አልኳት። «አሁኑኑ ቁጭ በይ። ስለዚህ ነገር በዚህ ምድር ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ነኝ ያቺ የተደበቀችው ልጅ!»

የአክስቴ ልጅ ካውያዋን ለአፍታ ቀና አደረገች፤ ከዚያ መልሳ ሸሚዙ ላይ አሳረፈችው።

ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ቁመቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ድምፄ የአውቶቡስ ረዳት። መዋለ ሕፃናቱን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። መሀሉን የሚሰነጥቀው ኮሪደር እንደ ወንዝ ይረዝም ነበር። (አድጌ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አንድ ሚኒባስ ብታስገቡበት የኋላ መብራቱ ውጪ ይቀራል። ያኔ ግን ወንዝ ነበር።) ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ነጭ፤ ሽታው የእርጥብ መወልወያና የጠመኔ። ማንበብ ስለማንችል ከኮት ማንጠልጠያችን በላይ ስማችን ሳይሆን ሥዕል ነበር የሚለጠፈው። የእኔ አንበሳ ነበር። በጣም የሚያምር፣ ጋማው ከግድግዳው ሊወጣ የደረሰ አንበሳ።

የክፍላችንን መምህርት በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። አልላትም። ስሟንም አልጠራላትም። እኛ መርፌ ነበር የምንላት፤ ቀጭን ስለሆነች አይደለም፣ ስትቆነጥጥ እጇ ስለማይታይ ነው። ፊቷ ወላጅ እያየ ይስቃል፣ ጣቷ ከጠረጴዛ ሥር ሥራዋን ትሠራለች። ዳይሬክተሯ ደግሞ ደወል ትባላለች፤ የእጅ ደወል ይዛ ትዞራለች፣ ስትቆጣ ግን ከደወሉ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ሁለቱ ሲቆሙ እኛ ግድግዳ እንሆናለን።

ከዕለታት አንድ ቀን ተለማማጇ መጣች። ወጣት ናት፤ የጫማዋ ተረከዝ በአንድ ጎን ተበልቷል፣ በሁለት እጇ ትልቅ ካርቶን ታቅፋለች። ካርቶኑ ውስጥ ራሷ የሠራቻቸው መርጃ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ከጠርሙስ ክዳን የተሠራ ባቡር፣ ከካልሲ የተሰፋ ጥንቸል። ስሟን ጠየቅናት፣ ነገረችን፣ ወዲያው ረሳነውና አዲሷ አልናት። አዲሷ ልጅ ስታናግር ትንበረከካለች፤ ዓይኗ ከልጁ ዓይን እኩል እስኪሆን ድረስ። መጀመሪያ የተንበረከከችው ለእኔ ስለነበር ነገሩን በደንብ ገባኝ ብዬ ነበር፤ ማንነቴን አውቃ ነው የሰገደችልኝ አልኩ። ለሁሉም ልጅ እንደምትንበረከክ ሳይ ተቀየምኳት፤ ሙሉ ቀን አላናገርኳትም። ለእኔ ሙሉ ቀን ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። ቤት ውስጥ ጭምት ይሏታል። ያኔ ቃል አይወጣላትም ነበር። አንድ ቃል ሲመጣባት ሶፋ በጠባብ በር እንደሚያስገቡ ሰዎች ነው፤ ወዲህ ትለዋለች፣ ወዲያ ትለዋለች፣ ታጋድመዋለች፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። አዲሷ ትጠብቃት ነበር። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጊዜ እንደተረፈው ሰው። መርፌ ግን «እሺ፣ ቀጣይ!» ነው የምትለው። ቢሆንም ችግር አልነበረም፤ እኔ ለሁለታችንም አወራ ነበር። አንድም ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

እንግዲህ ትምህርቱ የሚሰምጥና የሚንሳፈፍ የሚል ነበር። አዲሷ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ውሃ ሞልታ ምንጣፉ መሀል ታስቀምጣለች። ድንጋይ፣ ቡሽ፣ ምስማር፣ ሻማ፣ ቅጠል ትደረድራለች። «ምን ይመስላችኋል?» ትለናለች። ሁሉም የመሰለውን ይላል። ምስማሩ ይንሳፈፋል ያለ ነበር፤ ለምን ስትለው «ቀጭን ስለሆነ» አለ። «እስቲ እንየው» ብላ ለእሱው ሰጠችው። ቁልቁል ሲወርድ አየው። ያ ልጅ አፉን ከፍቶ የቀረውን ያህል እኔ ባሕር ሳይ እንኳ አልከፈትኩም።

መርፌ ከጥግ ሆና ታይ ነበር። ልጆቹ እጃቸውን ሲያደርቁ ወደ አዲሷ ተጠጋች።

«ይሄ ጨዋታ ሱፐርቫይዘር ፊት አያዋጣም።»

«እንዴት እትዬ?»

«ልጆቹ እየተሳሳቱ ነዋ!»

«ቢሳሳቱ ጥሩ አይደል? አይተው ራሳቸው ያርማሉ።»

«እሱን ኮሌጅሽ ንገሪያቸው። እኔ እዚህ ክፍል ስንት ተለማማጅ አሳልፌያለሁ፤ አንዲት የወደቀች የለችም። በምን መሰለሽ?»

በምን እንደሆነ ከማግስቱ ጀምሮ አየነው። ያንኑ ትምህርት በየቀኑ ደገምነው። መርፌ ከኋላ ቆማ ታዛለች። «አስቡ!» ስትል ሁላችንም ሌባ ጣታችንን አገጫችን ላይ አድርገን ኮርኒስ እናያለን። «መልሱ!» ስትል «ይሰምጣል!» እንላለን። ድንጋዩ ይሰምጣል። «ተገረሙ!» ትላለች፤ እኛ እጃችንን ጉንጫችን ላይ አድርገን «ወይ ጉድ!» እንላለን። እግዜር ያሳያችሁ፤ የአምስት ዓመት ልጅ፣ በውሃ መገረም የሚያስጠኑት! ውሃ እያየ የማይገረም የአምስት ዓመት ልጅ የት ተገኝቶ ነው? መገረማችንን ቀምታ የራሷን ግርምት ሰጠችን። እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያንገጫግጨኛል።

ከዚያ ቅጠሉ ጉድ አፈላ። ከድግግሞሽ ብዛት ውሃ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ አንድ ቀን ሲያስገቡት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደ። መርፌ «መልሱ!» አለች። «ይንሳፈፋል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ቅጠሉ ሳፋው ሥር ተኝቷል። «ተገረሙ!» «ወይ ጉድ!»

እኔ ብድግ አልኩ። «ሰምጧል!» አልኩ፤ መስተዋቱ እስኪንቀጠቀጥ። «ቅጠሉ ሰምጧል! ዓይን የላችሁም?» አዲሷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ በደስታ ፊቷ በራ። መርፌ ግን አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ ዛሬም ጀርባዬ ያውቀዋል። ያን ቀን የተፈረደብኝ ይመስለኛል።

ምሳ ከበላን በኋላ ምንጣፍ ላይ ያስተኙናል። እኔ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወድም፤ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ እሰልላለሁ። ሁለቱ ወረቀት እየቆረጡ ያወራሉ፣ መቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ከወደቅኩ ሁለተኛ ዕድል የለኝም፣ እትዬ» አለች አዲሷ። «ሰርተፊኬቱ ቀረ ማለት ነው። ወንድሜ ሱቅ ተመልሼ ሳሙና ስደረድር መኖሬ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ያቺን ልጅ ለዚያን ቀን ለእኔ ተይልኝ።»

«የትኛዋን?»

«ታውቂያታለሽ። ክፍሉን የምታስቆመዋን። ዕቃ ቤት ትጫወታለች፣ ሌላ ምን ትሆናለች?»

ክፍሉን የምታስቆመው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን! ትራፊክ ፖሊስ መንገድ እንደሚያስቆመው ማለቷ መሰለኝ፤ ኩራቴ ምንጣፉን ሊያነሳው ደረሰ። ሱፐርቫይዘር የሚባለውም እኔን ሊያይ ከሩቅ የሚመጣ ትልቅ ሰው እንደሆነ ቆረጥኩ። አዲሷ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም፤ መቀሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። ግን እርግጠኛ ነኝ፣ «አይሆንም» ብላታለች። ሌላ ልትል አትችልም።

ቀኑ ደረሰ። ደወል አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ኮሪደሩን ዞሮታል። ኮታችንን ሰቅለን ስንገባ መርፌ እጄን ያዘችኝ፤ ሳትቆነጥጥ፣ ያውም ፈገግ ብላ።

«ላንቺ ትልቅ ሥራ አለ» አለችኝ። «ዛሬ ዕቃ ቤቱን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ።»

«ዘበኛ ነኝ?»

«አዎ፣ ዘበኛ ነሽ። ዘበኛ ደግሞ አያወራም፣ አያለቅስም፣ በር አይደበድብም። ማንንም እንዳታስገቢ።»

ዕቃ ቤቱ የባንክ ካዝና ያህል ነበር፤ በሩ ወፍራም፣ ጣሪያው ሩቅ። (ቁም ሣጥን ነበር ማለት ይቀላል። አዋቂ ክንዱን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ይነካል።) አምፖል የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ነው፣ እንደ ነጭ ክር። የሻገተ ሙጫ ይሸታል። መወልወያዎቹ ጥግ ላይ ቆመው ፀጉራቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል። ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት መደርደሪያው ላይ ሆና ታየኛለች። የሆነ ነገር ከግድግዳው ውስጥ ይንቆረቆራል። እኔ ግን ዘበኛ ነኝ! የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ፣ መጥረጊያ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ ጨለማውን አፈጠጥኩበት። ጨለማው ነው የፈራው።

መቀርቀሪያው ከውጭ ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ። ዘበኛ ከውጭ አይቆለፍበትም። ይህችን ለመረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ፤ አንድ ቀን መኪና እያስተማርኩ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ድንገት ገባኝና ፍሬን ረግጬ ተማሪዬን ከመስተዋቱ ጋር ላጋጨው ነበር።

ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማኛል። የአዲሷ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ምን ይመስላችኋል?» ትላለች። ፀጥታ፤ ጣት አገጭ ላይ ነው። «ይሰምጣል!» «ወይ ጉድ!» እንዲያ እያለ ሲሄድ ድንገት ቆመ።

የሆነውን በኋላ ነው የገጣጠምኩት። አዲሷ ፎጣ ልታነሳ ወደ ኮሪደሩ በር ዞር ስትል ማንጠልጠያዎቹን አየች። አንበሳው ሥር ኮት ተሰቅሏል፤ ወንበሬ ግን ባዶ ነው። «የት ናት?» አለች። መርፌ ከኋላ፣ «አሟት ቀርታለች፣ ቀጥዪ» አለች። ልጅ ታሞ ሲቀር ኮቱ ብቻውን ትምህርት ቤት አይመጣም! ይህን ያሰበች እሷ ብቻ ናት። ሱፐርቫይዘሩ የልጅ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል፣ እስክሪብቶው ተቀስሯል፣ የሕይወቷ ፈተና መሀል ላይ ናት። ድንጋዩን አስቀመጠችና ክፍሉን ጥላ ወጣች።

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኔን መታኝ። አንዲት ሴት ልትገባ ነው። ማንንም እንዳታስገቢ ተብያለሁ። ሌባ ናት!

ዘልዬ ነከስኳት። የእጇ ጨው እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ፤ ጨውና የሳፋ ውሃ። እሷ አልጮኸችም። ተንበረከከች፣ ከእነ ንክሻው አቀፈችኝ፣ አንስታኝ ክፍል ገባች። ሱፐርቫይዘሩ በድንጋጤ ሲነሳ ወንበሩ ከቂጡ ጋር አብሮ ተነሳ። ክፍሉ አስተማሪ ሳያዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ተገረመ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ጭቅጭቅ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁት።

«ክፍል ጥለሽ ወጣሽ!» ይላል ሱፐርቫይዘሩ። «መምህርት ክፍሏን ጥላ አትወጣም፤ የመጀመሪያው ሕግ ነው።»

«ልጅ ቆልፈውባት ነው የወጣሁት፣ ጋሼ!»

«እሱ እኔ የምገመግመው ነገር ውስጥ የለም።»

ስሙልኝ እንጂ! እሱ የምገመግመው ነገር ውስጥ የለም! ሕፃን ጨለማ ውስጥ ተቆልፋ፣ ሰውዬው የሚገመግመው የሰሌዳ አጻጻፍ ነው! ደወል ደግሞ ጣልቃ እየገባች «ልጅቷ ራሷ ዘበኛ ልሁን ብላ አስቸግራን ነው» ትላለች። እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ሌባ ናት! እኔ ነኝ የያዝኳት!» አልኩ። የመሰለኝን ነው ያልኩት። ማታ ቤት ስገባም ለእናቴ ሌባ ያዝኩ አልኳት፤ እናቴ ሰፈሩን ዞራ ተናገረች፤ እኔ ለሳምንት ያህል በሰፈሩ እንደ ጄኔራል ተራመድኩ።

አዲሷ ካርቶኗን ታቅፋ ስትወጣ በር ላይ አገኘችኝ። እጇ ላይ መሐረብ ጠምጥማለች። ተንበረከከች። ይቅርታ ልትለምነኝ መሰለኝና ደረቴን ነፋሁ። «ከእንግዲህ» አለችኝ፣ «ዝም በይ የሚልሽን ሰው እሺ እንዳትዪው።» ይኸው እሺ ብዬ አላውቅም። ዛሬ የምታዩት አፌ የእሷ ሥራ ነው። በሰርተፊኬቷ የገዛችልኝ አፍ ነው! እሷ ግን ወንድሟ ሱቅ ተመልሳ ሳሙና ስትደረድር አረጀች፤ መርፌ በክብር ጡረታ ወጣች፤ ሰውዬው ምናልባት እስከ ዛሬ አንድ ቦታ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላዋን ይጥላል። በዚህ የማይናደድ ሰው ካለ በደሙ ፋንታ የሚዞረው የሳፋ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ከሶፋው ተነስቼ ቆሜ ነበር። ልጅቷ እንባዋ ቅንድቧ ላይ—ማለቴ ሽፋሽፍቷ ላይ ቆሟል።

«ሰኞ ያንን ልጅ ታስወጪዋለሽ?» አልኳት።

«ብወድቅስ አክስቴ?»

«ውደቂያ! እሷስ ወድቃ የለ? የወደቀችው እኮ ለእኔ ብላ ነው!»

«እንደሷ መሆን እችል ይሆን?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺም እዚያው ክፍል ነበርሽ አይደል? ስትነክሳት አይተሻል?»

የአክስቴ ልጅ ካውያውን አቆመችው። ሶኬቱን ነቀለች። ዛሬ ቃል ይወጣላታል፤ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው።

«እ… እኔ ክፍል ውስጥ አልነበርኩም» አለች። «ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።»

«አብረን?» አልኩ፤ ሳቅ እያልኩ። «እኔ ብቻዬን ነበርኩ እኮ፣ እህት ዓለም።»

«ብ… ብቻዬን ነበርኩ» አለች እሷም፤ እኔን ሳይሆን የልጇን ዓይን እያየች። «ስለ ባልዲውና ስለ አሻንጉሊቷ፣ ማታ አልጋ ውስጥ ሆነን ለአክስትሽ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ለማንም አልተናገርኩም። በቅጠሉም ጊዜ ‘ሰምጧል’ ልል ነበር። ቃሉ ቶሎ አልወጣ አለኝ። አክስትሽ ጨረሰችልኝ። ‘ይንሳፈፋል ልትል ነው’ አለቻቸው።»

ክፍሉ ውስጥ የትኩስ ጨርቅ ሽታ ነበር። ልጅቷ ተራ በተራ አየችን።

«እሺ፣ አዲሷ ‘የት ናት?’ ብላ ስትጠይቅ…»

«ጠይቃለች። በግድግዳው ሰምቻታለሁ። አ… አክስትሽ ከፊት ወንበር ተነስታ ‘አሟት ቀርታለች’ አለች። መርፌ አስጠንታት ነው። ድምፅዋ እንደሆነ ይሰማል።»

«ከዚያ ግን በሩን ከፈተችው» አለች ልጅቷ። «ኮትሽን አይታ… ከፈተችው አይደል?»

«ማንም አልከፈተውም። ማንንም አልነከስኩም። አዲሷ አለፈች፤ በጥሩ ውጤት ነው ያለፈችው፣ ቆይቶ እዚያው ትምህርት ቤት ተቀጠረች። እኔን ያገኘችኝ ሳፋውን ልትመልስ የመጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።»

የአክስቴ ልጅ የተተኮሰውን ሸሚዝ አንስታ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አጠፈች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ሲያልቅ አጨበጨቡላት» አለች። «ረ… ረጅም ጭብጨባ ነበር። እኔም እዚያው ጨለማ ውስጥ ሆኜ አብሬ አጨበጨብኩ።»